ካሳዬ በአምቡላንስ ቀና

ሰው በሰው ሚስት ይቀናል። በሰው ቪላ ይቀናል። ጎሮ ውስጥ በጎረቤቱ የውኃ ታንከር ቀንቶ አልጋ ላይ የዋለ ሰውም አለ። ካሳዬ ግን የቀናው በአምቡላንስ ነው። በጩኸቱ ቀና፣ በመብራቱ ቀና፣ በሾፌሩ የተተኮሰ ሱሪ ቀና፤ ከሁሉ በላይ ግን በዋጋው ቀና።

በዋጋ እንዴት ይቀናል ለምትሉ፣ መጀመሪያ ላዳዋን ማወቅ አለባችሁ።

የካሳዬ ላዳ ሰማያዊና ነጭ ናት። ሰማያዊው ከፀሐይ ብዛት ነጭ ሆኗል፣ ነጩ ደግሞ ከአቧራ ብዛት ምን እንደሆነ አይታወቅም። ቁልፏ ከጠፋ ቆይቷል፤ በሻይ ማንኪያ ትነሣለች። ጎሮ ላይ ፍሬን ስትይዝ ቦሌ ሚካኤል ያሉ ውሾች ይጮኻሉ። አንድ ጊዜ የጃክሮስን ዳገት ስትወጣ «ቸኩያለሁ» ያለ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ቀደማት፣ ላይ ደርሶ ጫማውን አስጠረገ፣ ከዚያ ስትደርስ መልሶ ተሳፈረባት ይባላል። ካሳዬ ይህን ወሬ ሲሰማ «ውሸት ነው፣ ጫማውን አላስጠረገም» ይላል።

እንዲህም ሆና ግን ክብር ነበራት። በዚያ ኮብልስቶን በተነጠፈበት ቅያስ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የምትሄደው በእሷ ነው። በሩ ሲንኳኳ ካሳዬ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛብቶ ይወጣል፣ ሚስቱ ወለተማርያም ከፊት ትቀመጥና ነጭ ነጠላዋን በመስኮት አውጥታ ታውለበልባለች፣ እሱ መብራቱን አብርቶ እጁን ክላክሱ ላይ ይጭናል። ነጭ ነጠላ በመስኮት የወጣበት መኪና ያየ የሸገር ሾፌር ውስጡ ነፍሱ የተያዘች ሰው እንዳለ ያውቃል፤ እየተራገመም ቢሆን ዳር ይይዛል።

ክፍያውስ? ያለው የቤንዚን ይሰጠዋል፣ የሌለው «ጋሽ ካሳዬ፣ እግዜር ይስጥልን» ይለዋል። ከዚያ ገንፎ ሲገነፋ ይጠራል። መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ከተጠራቀመበት ጉድጓድ አጥቅሶ የመጀመሪያውን ማንኪያ የሚያነሣው ካሳዬ ነው። ከአባትየው በፊት። ቄስ ቢኖር፣ ሐጂ ቢኖር፣ «ካሳዬ ይቅመስ፣ ያደረሳት እሱ ነው» ይባላል። በዚህች አንድ ማንኪያ ካሳዬ ከቦሌ ባለፎቆች ጋር እኩል ነበር።

ከዚያ ላጲሶ መጣ።

ላጲሶ ባዳ አይደለም። ቦሌ ሚካኤል ላዳ ተራ አብረው ተሰልፈው፣ አብረው በትራፊክ ተቀጥተው፣ አንድ ክሪክ እየተዋዋሱ ያረጁ ናቸው። የላጲሶ ላዳ ስታበቃላት ሰሚት ለሚኖር ሰውዬ ሸጣት፣ ሰውዬው የዶሮ ቤት አደረጋት፤ አሁን ዶሮዎቹ ክላክስ ካልተነፋላቸው እንቁላል አይጥሉም ይላል ላጲሶ ራሱ። ከዚያ ጠፍቶ ከረመና፣ ከቅያሱ ጥግ ያለውን ቤት ተከራይቶ ሲመጣ በአምቡላንስ መጣ። የግል ድርጅት ቀጥሮታል። መኪናው እሱ ዘንድ ያድራል፣ ሲደወል ከዚያው ይነሣል፣ ነርሷ ደግሞ ጎሮ አደባባይ ካለው የድርጅቱ ቢሮ ትሳፈራለች። ነጭ፣ አዲስ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ሰንበር ያለው፣ ውስጡ አልጋና ኦክስጅን። ላጲሶ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ሲወርድ ካሳዬ ለይቶ ለማወቅ ሁለት ጊዜ አየው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቅር አለው።

መጀመሪያ የተሳፈሩት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ኩላሊታቸውን የያዛቸው ለት ልጆቻቸው አዋጥተው አምቡላንሱን ጠሩ። ሳይረኑ ሲለቀቅ የሰፈሩ ሰው በሙሉ በር ላይ ወጣ። ጆሮው ከተደፈነ ዘመን ያስቆጠረ ሽማግሌ ሰማሁ አለ። ካሳዬ ላዳዋን እየወለወለ ነበር፤ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። የሺመቤት በአልጋው ተጋድመው ሲያልፉ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ፣ እንደ ሙሽራ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉት።

ድነው ሲመለሱ ወሬያቸው ስለ ኩላሊቱ አልነበረም።

«ስድስት ሺህ ብር» አሉ ወተት ቤቱ በር ላይ። «ከዚህ ኦሎምፒያ ለማድረስ ብቻ። ዘረፋ እኮ ነው።»

ዘረፋ ሲሉ አንገታቸው በኩራት ረዝሟል። በሳምንቱ ከቅዳሴ መልስ ዋጋው ስምንት ሺህ ገባ፣ ለእድር ሲሰበሰቡ ደግሞ ከነኦክስጅኑ አሥራ ሁለት። ትንሽ ቢቆዩ አምቡላንሱን ገዝተውት ነበር።

ካሳዬ ሰምቶ አላስችል አለው። «እትዬ የሺ፣ እኔ በነጻ አደርስዎ አልነበር?»

«ካስዬ» አሉት ክንዱን መታ መታ አድርገው፣ «አንተማ ዘመድ ነህ። ይሄኛው ሕክምና ነው።»

አምስት ልጆቻቸውን ሲወልዱ ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው። ዘመድ የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ዋጋውን እየሰደበ አምቡላንሱን መጥራት ያዘ። አንዱ ቴሌቪዥኑን ሸጠ። ሌላው የዕቁብ ዕጣ ለምኖ ቀድሞ ወሰደና እናቱን ሆስፒታሉ በር ድረስ በክብር አደረሰ፤ ለውስጡ የሚሆን ግን አልተረፈውም። ተመልሰው ሲመጡ ወሬው «በላዳ ነው የሄድነው» የሚል ከሆነ ጠያቂው ሻይ ሳይጠጣ ይነሣል፣ ሕመሙ ቀላል ነበር ማለት ነው። በአምቡላንስ ከሆነ ግን ሰው በየተራ እየመጣ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ካሳዬን የሚጠራው ጠፋ። ላጲሶ ከሥራ ሲገባ ሞተሩ ሲጠፋ ይሰማል፣ ሲነሣም ይሰማል። እንቅልፉ ሁሉ በአምቡላንሱ ፈረቃ ሆነ።

ይሄም ይቻል ነበር፣ ሔዋን ባታረግዝ።

ሔዋን አንድ ልጁ ናት። ባሏ አብኔዘር ቦሌ ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ ትሑት ልጅ ነው፣ አማቱ ሲናገሩ ቆሞ ነው የሚሰማው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚታረሰው፣ ሆዷ ሲገፋ ጎሮ መጣች። ካሳዬ ላዳዋን አሳጠበ፣ የኋላውን ወንበር አዲስ ልብስ አለበሰ፣ ቤንዚን ሞላ። ላዳዋ ሞልታ ስለማታውቅ የቤንዚን ማሳያዋ ደንግጦ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። የሰውን ሁሉ ልጅ ሲያደርስ የኖረ ሰው የራሱን የልጅ ልጅ ሊያደርስ ነው። ሌላ ነገር አልፈለገም። ይህን ካገኘ አምቡላንሱ ጎሮን በሙሉ ይዞበት ቢሄድ ግድ አልነበረውም።

እሑድ ምሳ ላይ አብኔዘር ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ ስለ መኪናው ነገር ጨርሰናል።»

«ምን ይጨረሳል? ይኸው በር ላይ ቆማለች።»

«ማለቴ፣ ዶክተሩ ፕረዠሯ ከፍ ስላለ መንገድ ላይ የሚከታተላት ያስፈልጋል ስላለ… ጋሽ ላጲሶን አናግሬያለሁ። ግማሹንም ከፍያለሁ።»

ካሳዬ ጉርሻውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። «የትኛውን ላጲሶ?»

«ስንት ላጲሶ አለ?» አለች ወለተማርያም።

«አባዬ፣ አትነጫነጭ» አለች ሔዋን። «ላዳህ ውስጥ ኦክስጅን የለም።»

«መስኮት አላት አይደል እንዴ?»

«አንዱ አይከፈትም፣ አንዱ አይዘጋም።»

ወለተማርያም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ካሳዬ ወደ እሷ ዞረ። «ላንቺም አምቡላንስ ልጥራልሽ?»

«ብትጠራልኝ ደስ ይለኛል። ስንት ዘመን እጄን በመስኮት አውጥቼ በቁርጥማት አለቅሁ።»

ካሳዬ በማግሥቱ ቦሌ ሚካኤል ወርዶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ድምፅ ማጉያ ገዛ።

«ሳይረን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«ጋሼ፣ ከሳይረን ይበልጣል። ሙት ይቀሰቅሳል» አለው ሻጩ።

ላዳዋ ጣራ ላይ በሽቦ አሰረው፤ የሰፈሩ ሰው በር በሩ ላይ የሚቀመጥበትን አመሻሽ ጠብቆ ቅያሱ መሀል ቆመና ቁልፉን ተጫነ። ከጣራው ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣ፦ «የተበላሸ ፍሪጅ፣ የተበላሸ ቴሌቪዥን፣ አሮጌ ፍራሽ ያላችሁ፣ እንገዛለን።» ቁልፉን ቢጫነው አይጠፋም። ቢመታው ባሰበት። የቆራሌው ዕቃ እንደነበረ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሽቦውን በጥርሱ እስኪበጥሰው ድረስ ላዳዋ ዙሪያ ሦስት ፍራሽና አንድ በር የሌለው ፍሪጅ ተሰልፏል፤ የሺመቤትማ ፍራሻቸውን አሸክመው ዋጋ ጀምረዋል።

ላጲሶ ከጥግ ድረስ መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «ካሳዬ፣ ላዳዋን ራሷን በስንት ትገዛታለህ?»

ሰፈሩ ሳቀ። ሔዋን እንኳ በመስኮት ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ካሳዬ ያን ጊዜ ነገሩን በልቡ ቆረጠ።

ሐሳቡ ይህ ነበር። አምቡላንሱ የሚያድረው ከቅያሱ ጥግ ነው፤ መውጫው አንድ ነው። አንድ ቀን ተደውሎ መውጣት ካቃተው ድርጅቱ «ይሄ ቅያስ አይመችም» ብሎ ማደሪያውን ወደ ሌላ ሰፈር ይለውጣል። ላጲሶም ከነሰደርያው ተከትሎት ይሄዳል። የሔዋን ቀን ገና ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ረጋ ይላል፣ የቀረችው ላዳዋ ብቻ ትሆናለች። ሲያስበው አምሮ ታየው።

ዓርብ ጠዋት ላዳዋን ከቅያሱ አፍ ላይ አጋድሞ አቆመ። የፊት ጎማዋን ፈታ፣ ሥሯ ድንጋይ ደረደረ፣ ጎማውን እያንከባለለ ሱፍያን ጎሚስታ ዘንድ ወሰደው።

ሱፍያን ጎማውን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። «ጋሽ ካሳዬ፣ ይሄ ምን ሆነ? ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ነው።»

«ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ነገር አለው። አትቸኩል፣ ማታ ይደርሳል።»

«ነገ ቢሉኝስ?»

«እንዲያውም ነገ ይሻላል።»

ሲመለስ ላጲሶ ላዳዋ አጠገብ ቆሞ አገኘው።

«መንገድ ዘጋህ እኮ።»

«ተነፈሰ። ምን ላድርግ?»

«ቅያሪ ጎማህስ?»

«የተነፈሰው እሱ ነው።»

ላጲሶ በድንጋይ ላይ የቆመችውን ላዳ አየ፣ የካሳዬን ፊት አየ፣ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ቤቱ ገባ። ካሳዬ በርጩማ አውጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሻይ ጣመው። ስልክ እንዲደወል፣ ሳይረኑ እንዲጮኽ፣ ላጲሶ ወጥቶ ራሱን ይዞ እንዲቆም በጉጉት ጠበቀ። ቀትር ሲሆን የተጠራው ግን እሱ ነው።

«ካሳዬ» አለች ወለተማርያም ከውስጥ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ልጅቷን ያዛት።»

«ገና ነው እኮ።»

«እሱን ለሽርት ውኃው ንገረው። ፈሷል።»

ሔዋን አልጋው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብላ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ አብጧል። «ዓይኔን እየጋረደኝ ነው» አለች። ካሳዬ ሌላ አልሰማም፣ ማንኪያውን ከኪሱ እያወጣ ሮጠ፣ ላዳዋ ውስጥ ዘሎ ገባ፣ ማንኪያውን ሰካ፣ ላዳዋም እንደ ታማኝ ውሻ ተነሣች። ማርሽ አስገባ። ላዳዋ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ በድንጋዩ ላይ ተንገጫገጨች። ያን ጊዜ ትዝ አለው።

ወርዶ ወደ ሱፍያን በረረ። ሱቁ ተቆልፏል፤ ዓርብ ነው፣ ሱፍያን ጁምዓ ሄዷል። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቆ አየ። ጎማው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሙሉ ነፋሱን ይዞ፣ ደልቶት ቆሟል።

በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ጠሩ፤ ሾፌሩ ምጥ መሆኑን ሲሰማ ወንበሩ አሳስቦት ሰረዘ። የመንግሥቱ ነጻ አምቡላንስ ሌላ ሰፈር ነው ተባለ። ባጃጅ ላይ ደግሞ ያቺን ልጅ የሚጭን የለም። አብኔዘር ከቢሮው ሆኖ ላጲሶ ዘንድ ደውሏል፤ ሳይረኑም ካሳዬ እንደተመኘው ከቅያሱ ጥግ ጮኸ፣ መጣ፣ ላዳዋ ጀርባ ላይ አፍንጫውን አስጠግቶ ቆመ።

ላጲሶ ወረደ። አልጮኸም።

«ከኋላ ያዝ» አለው ብቻ።

ካሳዬ ከኋላ ያዘ። ላጲሶ ከፊት፣ በመንገዱ ያልፉ የነበሩ የቀን ሠራተኞች ከጎንና ከጎን፣ የሺመቤት ሳይቀሩ ነጠላቸውን አሸርጠው መስተዋቷን ያዙ። ላዳዋን ከመሬት አነሡአት። ቀላል ናት፤ ዝገቷ ስንቱን በልቶታል። እንደ ሬሳ በቀስታ ተሸክመው አጥሩ ሥር አስቀመጧት፣ አንዱ በሯም በራሱ ፈቃድ ወርዶ ቀረ። ካሳዬ ስንት ሰው ያደረሰበትን መኪና በገዛ እጁ ተሸክሞ ለአምቡላንስ መንገድ ሲለቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሔዋንን በአልጋው አስገቧት። ወለተማርያም ከልጇ ጋር ከኋላ ገባች። ካሳዬ ማንም ሳይጋብዘው ላጲሶ አጠገብ ተቀመጠ። አደባባዩ ላይ ነርሷ ዘላ ተሳፈረች፣ የደም ግፊት መለኪያውን የሔዋን ክንድ ላይ ጠመጠመች፣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ፍጠን ጋሼ» አለች ለላጲሶ።

ከኋላ ሲስ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ኦክስጅኑ ነው። የሔዋን ማቃሰት ትንሽ ረገብ አለ። ካሳዬ ይህ ድምፅ ላዳዋ ውስጥ እንደማይኖር ገባው፤ የገባውን ያህል ደግሞ ቅናቱ ባሰበት። የራሱን ልጅ የሚያስተነፍሳት የላጲሶ መኪና ነው። አምላኩን አመሰገነ፣ እዚያው ደግሞ ጥርሱን ነከሰ።

ጃክሮስን አልፈው ገርጂ ሲደርሱ የመኪናው ሰልፍ እንደ ሽሮ ረግቶ ጠበቃቸው። ላጲሶ ሳይረኑን ለቀቀው። ከፊታቸው ያለው ሚኒባስ ንቅንቅ አላለም፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ዞሮ አያቸውና «ለምሳ ነው የሚቸኩለው» ብሎ ገባ። ካሳዬ ወደ ኋላ እጁን ዘርግቶ የሚስቱን ነጠላ ከትከሻዋ ሳበና በመስኮት አወጣው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ላጲሶ።

«ሥራዬን።»

«ሳይረን እያለ?»

«ሳይረንህን ማን ሰማህ? ሰው ነጠላ ሲያይ እናቱ ትዝ ትለዋለች።»

«መኪናዬ ውስጥ ነጠላ አይውለበለብም። ደንብ አለ።»

«ልጅቷ የእኔ ናት።»

«መኪናው የእኔ ነው።»

ላጲሶ ሳይረኑን ከፍ አደረገ፣ ካሳዬ ከወገቡ በላይ በመስኮት ወጥቶ ነጠላውን እንደ ባንዲራ አራገበ። ሚኒባሱ ዳር ያዘ። ከፊቱ ያለው የአሸዋ መኪናም ዳር ያዘ። መንገዱ እንደ ዚፕ ተከፈተ። ለሳይረኑ ይሁን ለነጠላው እስከ ዛሬ በጎሮ አልተወሰነም።

«አየህ?» አለ ካሳዬ ወደ ውስጥ ተመልሶ።

«አየሁ። ሳይረን ነው» አለ ላጲሶ።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች ሔዋን ከኋላ፣ ጭምብሉን ከአፏ ገለጥ አድርጋ። ዝም አሉ። ኦሎምፒያ እስኪደርሱ በእልህ ብቻ ነዱ፣ በእልህ ብቻ አራገቡ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበሏት። ነርሷ ስትወጣ፣ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ሳትጨርስ አለፈች። ካሳዬ ያልተጨረሰውን ጨረሰው። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን በጉልበቶቹ መሀል ደበቀ። አብኔዘር መጥቶ ቀሪውን ከፈለ፣ ቅያሱ ውስጥ መኪናው ለቆመበት ጊዜም አስጨመሩት፤ ልጁ ከፍሎ ወደ ሚስቱ ሮጠ። ወሩን በሙሉ ማኪያቶ ትቶ ያጠራቀመው ነው።

ላጲሶ መጥቶ ከካሳዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጎማው ደህና ነበር፣ አይደል?»

«ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ነገር…» አለ ካሳዬ።

«የጎማ ሕመም እኔ አጣለሁ? አብረን አይደል እንዴ ያረጀነው?» አለ ላጲሶ።

«ለወለተማርያም ትነግራታለህ?»

«ምን ይጠቅመኛል?» ላጲሶ የሰደርያውን ዚፕ ከፍ ዝቅ አደረገ። «ታውቃለህ፣ በዚህ መኪና ስንቷን ነፍሰ ጡር አደረስኩ። አንዷም ቤቷ ጠርታኝ አታውቅም። ገንፎ ተገንፍቶ ሽታው ቅያሱን ሲሞላው በሩ ላይ አልፋለሁ። ያ ሁሉ ብር ከተከፈለ በኋላ ማን ይጠራኛል? ተጨራርሰናል ይላሉ። ብሩ ደግሞ የድርጅቱ ነው፤ የእኔ ሰደርያው ብቻ ነው። ያኔ ተራ እያለን አንተ ምጥ አድርሰህ ስትመለስ ከንፈርህ ቅቤ ይዞ ትመጣ ነበር። እንዴት አድርጌ እጠላህ እንደነበር።»

ካሳዬ ይህን ሲሰማ አዘነለት ማለት ይከብዳል። ደስ አለው። ደረቱ ሰፋ። ከእሱ ኪስ የወጣ የማይመስል ደግነት ድንገት መጣበትና፣ «ሔዋን ስትታረስ ና፣ ቤትህ ነው» አለው። ብሎ ሳይጨርስ ቆጨው፤ ግን ከአፉ ወጥቷል።

አመሻሽ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቷም ተርፋ፣ እሷም ተርፋ። ድምፅዋ ደግሞ ከሁሉም ተርፎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ከሆስፒታል ሲወጡ አብኔዘር ለመመለሻውም ድርጅቱ ዘንድ ደወለና ዋጋውን ሰምቶ ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ለመመለስም ያው ነው» አለ።

«ለመመለስማ ማን ያምጣል?» አለች ወለተማርያም። «ላዳዋ ትምጣ።»

ካሳዬ ይህን ጊዜ ላዳዋን ሊያመጣ ጎሮ በሩጫ ነው የሄደው። ጎማዋ ገብቷል፣ የወደቀው በር በገመድ ታስሯል። ኦሎምፒያ ድረስ የመጣችበትን ፍጥነት ያየ ላዳ ናት አይልም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ግን ላጲሶ ፈረቃውን ጨርሶ፣ አምቡላንሱን ለሰርቪስ ጋራዥ ትቶ፣ ሰደርያውን አጣጥፎ ይዞ፣ ቆሞ አገኘው።

«ወደ ጎሮ ከሆንክ ልግባ?» አለ ላጲሶ።

ሔዋን «ይግባ እንጂ» ስላለች ገባ። ከፊት፣ ወለተማርያም ቦታ ላይ። ሔዋን ሕፃኗን ታቅፋ ከእናቷና ከባሏ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ካሳዬ ማንኪያውን ሰካ። የልጅ ልጁን በገዛ መኪናው ይዞ ሊሄድ ነው፤ ማድረስ ባይሆንም መመለስ ነው፣ ለጊዜው ይበቃዋል።

ላዳዋ ስትነሣ ሕፃኗ ጮኸች። የሚገርም ጩኸት ነው። ጡት ሰጧት፣ አልያዘችም። ወለተማርያም አወዛወዘቻት፣ ባሰባት። አብኔዘር ዘፈነላት፣ የባሰ ጮኸች፤ በዚህስ ማንም አይፈርድባትም። ገርጂ ሲደርሱ ካሳዬ ክላክሱን ነፋላት። ስንት ሕፃን ያባበለ ክላክስ ነው፤ እሷ ግን በድንጋጤ ሰማያዊ ሆነች።

ላጲሶ ወደ ኋላ ዞረና ከንፈሩን ጠበብ አደረገ። «ዊዩ… ዊዩ… ዊዩ…» አለ ቀስ ብሎ፣ ከጉሮሮው።

ሕፃኗ ፀጥ አለች። ዓይኗን ከፍታ ወደ ድምፁ ዞረች።

«ውይ፣ ሳይረኑን ለመደችው» አለች ሔዋን እየሳቀች። «ሆዴ ውስጥ ሆና ሰምታው ነው። ጋሽ ላጲሶ፣ እባክዎ አያቋርጡ።»

ላጲሶ አላቋረጠም። ሕፃኗ ዓይኗን በዓይኑ ተክላለች። ካሳዬ በመስተዋት አየ። በገዛ ላዳው፣ በገዛ ቤንዚኑ፣ የገዛ የልጅ ልጁ ላጲሶን እያየች ነው። የሚያየው መንገድ ጠፋበት።

«ተወው» አለ። «እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንተ ንዳ እንጂ አባዬ።»

«ሁለቱንም እችላለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገና «ዊዩ» አለ። እንደተያዘ ፍየል ወጣ። ሕፃኗ ፊቷን አጨማደደች።

«መጨረሻው ላይ ቀጠን አድርገው» አለ ላጲሶ።

«ዝም በል» አለ ካሳዬ፤ በዚህች ክፍተት ሕፃኗ አፏን ከፈተች። ፈጥኖ ያዘው፣ ቀጠን አደረገው፣ መጨረሻውን ጎተት አደረገው፣ «ዊዩ… ዊዩ…» እያለ ማርሹን ቀነሰ። ትንሿ ዝም አለች። በጎናቸው የሚያልፍ ሚኒባስ ሾፌር ላዳዋን አየ፣ መሪውን ይዞ እንደ አምቡላንስ የሚጮኸውን ሽማግሌ አየ፣ ዳር ያዘ። ላጲሶ አንዴ ብቻ «ደከመህ፣ ልቀበልህ» ብሎ አፉን ሊያሾል ሲል ካሳዬ ድምፁን ከፍ አደረገ። የጃክሮስን ዳገት እንደዚያው እየጮኸ ወጣ፣ አደባባዩን እንደዚያው እየጮኸ ዞረ። ጎሮ ቅያሱ አፍ እስኪደርሱ ድረስ ለላጲሶ ተራ አልሰጠውም።